በስፖርት ሞተር ረጅም መንገድ፦ የቱን ልያዝ፣ የቱን ልተው?

ስፖርት ሞተር ላይ ሻንጣ አስራችሁ ረጅም መንገድ ልትወጡ ስትሉ አንድ ሰው አይጠፋም፣ "ለዚህ የተሠራ ሌላ ሞተር እያለ ምን አስጨነቀህ?" የሚል። እውነቱን ነው፣ አለ። ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት፣ ሻንጣው አብሮት የሚመጣ ሞተር ሞልቷል። ግን ቤታችሁ የቆመው ይሄ ነው፤ የምትወዱትም ይሄንኑ ነው። ደግሞ ሞተሩ ምንም አይሆንም። 600 ሲሲም ይሁን 1000፣ ውድድር ላይ እንዲጮህ የተሠራ ሞተር በቋሚ ፍጥነት ቀኑን ሙሉ ቢሄድ ለሱ እረፍት ነው።

ቀድሞ የሚበላሸው ሰውየው ነው። መጀመሪያ የእጅ አንጓ፣ ቀጥሎ አንገት፣ ቀጥሎ መቀመጫ። መሪው ዝቅ፣ የእግር መርገጫው ወደ ኋላና ከፍ ስላለ የላይኛው ሰውነታችሁ ክብደት ሌላ መሄጃ የለውም፤ እጃችሁ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሁለት ዕቃ ፊቴ ተቀምጦ የቱን ልውሰድ ብዬ ስቸገር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከእጄ ላይ ክብደት የሚያነሳልኝ የትኛው ነው? ዋጋና መልክ ከዚያ በኋላ።

ዕቃው የት ይጫን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኔም ጭምር።

ምርጫው አራት ነው። ጀርባ ላይ ማዘል፣ የኋላ መቀመጫ ላይ የሚታሰር ቦርሳ፣ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ጥንድ ቦርሳ፣ እና ታንኩ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ቦርሳ። ጠንካራ ሳጥን እርሱት፤ አብዛኛው ስፖርት ሞተር ላይ መስቀያው ራሱ የለም።

የመጀመሪያውን ረጅም ጉዞዬን የወጣሁት ቦርሳ አዝዬ ነው። ዘጠኝ ኪሎ ቢሆን ነው። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምንም አልነበረም፤ እንዲያውም "ምን ያካብዳሉ" እያልኩ ነበር። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የግራ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ጠፉ። ደነዘዙ ሳይሆን ጠፉ። ማደያ ገብቼ የታንኩን ክዳን ልከፍት ስል ቁልፉ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ፣ ቀጂው ደግሞ የሰከረ ሰው እንደሚያይ ነው ያየኝ። ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ለሁለቱ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ በመዳፍ ጠርዝ በኩል ነው የሚያልፈው፣ በመሪው ላይ የምንደገፈውም በዚያው ቦታ ነው። ጀርባዬ ላይ ያለው ዘጠኝ ኪሎ ከፊሉ እዚያች ነጥብ ላይ ሲጫን ነው የዋለው።

የጀርባ ቦርሳ ሌላም ጣጣ አለው። ብትወድቁ የምትወድቁት በውስጡ ባለው ነገር ላይ ነው። የብረት ቁልፍ ወይም የሰንሰለት መቆለፊያ አከርካሪ ላይ አዝላችሁ እየነዳችሁ እንደሆነ አስቡት። ለአጭር መንገድ፣ ለላፕቶፕ፣ ይሁን። ለቀን ሙሉ ጉዞ ግን አይሆንም ነው የምለው።

የኋላ መቀመጫው ላይ የሚታሰረው ቦርሳ የኔ ምርጫ ነው። ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ ይገኛል። ክብደቱ ከእጃችሁ ላይ ሙሉ በሙሉ ይነሳል፤ ወደ ፊት ጠጋ ተደርጎ ከታሰረ ደግሞ ወገባችሁን ትንሽ ይደግፋል። ችግሩ ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው። ከባዱን ዕቃ ከታችና ወደ ፊት፣ ልብሱን ከላይና ወደ ኋላ አድርጉ። እግራችሁን አሻግራችሁ ስትወጡ ቦርሳውን ትመቱታላችሁ፤ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ከዚያ ትለምዱታላችሁ።

ማሰሪያውን ከኋላ መቀመጫው ሥር ካለው ፍሬም ጋር እሰሩት እንጂ ከፕላስቲኩ ወይም ከፍሬቻው ጋር አይደለም። የተረፈችውን የማሰሪያ ጫፍ ደግሞ ጠቅልላችሁ በፕላስተር አጣብቁ። ይሄን የምለው ለወግ አይደለም። አንድ ጊዜ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝና ከፊቴ ያለው መኪና ነው ብዬ አሥር ደቂቃ ያህል ነዳሁ። ስቆም የማሰሪያው ጫፍ ማርሚታው ላይ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተጣብቋል። እድለኛ ነኝ። በሌላኛው ጎን ቢሆን ኖሮ ካቴናው ነበር የሚጎትተው፣ ያኔ የኋላ ጎማው ቀጥ ይላል።

ጥንዱ ቦርሳ ብዙ ይይዛል፣ ክብደቱንም ዝቅ ያደርጋል። ለሚዛን ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ግን ማርሚታችሁ የት እንዳለ እዩ። ከመቀመጫ ሥር የሚወጣባቸው ሞተሮች አሉ፤ ዱካቲ 916፣ ከ2003 ጀምሮ የመጣው የሆንዳ ሲቢአር 600 አርአር፣ ከ2004 እስከ 2014 የነበረው ያማሃ አር1 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እነዚህ ላይ ሙቀቱ ቦርሳው ወዳለበት ነው የሚወጣው። ማርሚታው በጎን ሽቅብ የሚሄድ ከሆነም ቦርሳውን አንጠልጥላችሁ ብቻ አትፍረዱ። ተቀመጡበት፣ አንድ ሰው ከኋላ ጫን ይበለው፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ይይ። ቆሞ አራት ጣት የነበረው ክፍተት ጉድጓድ ላይ ምንም ሊሆን ይችላል።

የታንክ ቦርሳ ትንሽ ከሆነች ጥሩ ናት። ስልክ ቻርጀር፣ ውሃ፣ ወረቀት፣ የጆሮ መድፈኛ። ብዙዎቹ በማግኔት ነው የሚይዙት። ከመግዛታችሁ በፊት የፍሪጅ ማግኔት ወስዳችሁ ታንኩ ላይ ሞክሩ፤ አንዳንዱ ታንክ አሉሚኒየም ነው፣ አንዳንዱ ላይኛው ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው፣ ማግኔት አይዘውም። እንደዚያ ከሆነ በነዳጅ ክዳኑ ዙሪያ በቡሎን የሚታሰር ቀለበት ያለውን ዓይነት ፈልጉ። ትልቅ አትግዙ። እኔ ትልቅ ገዝቼ ጠባብ ቦታ ላይ መሪውን ሙሉ ባዞርኩ ቁጥር ቦርሳው ክላክስ ይጫንልኝ ነበር። ቆሞ የሚጠብቀኝን እግረኛ ሁሉ ስሳደብ ከረምኩ ማለት ነው።

ባጭሩ ለሁለት ለሦስት ቀን የኋላ ቦርሳና ትንሽ የታንክ ቦርሳ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነና ማርሚታው ከፈቀደ ጥንዱ ይጨመር።

ዕቃ ከጫናችሁ በኋላ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የኋላው ሞላ። ጭነቱ ኋላውን ሲያስቀምጠው አፍንጫው ይነሳል፣ መሪው ይቀላል፣ ማታ ደግሞ መብራታችሁ የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ከፊት የሚመጡ መኪኖች ሁሉ መብራት ካበሩባችሁ ምክንያቱ ይሄው ነው። ሞላውን የሚያጠብቀውን ቀለበት ትንሽ ማጥበቅ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ከሳምንት በኋላ መመለሱን አትርሱ፣ ስንት ዙር እንዳዞራችሁ ጻፉት።

ጎማ፦ የሚጣበቀው ወይስ የሚቆየው?

ስፖርት ሞተር ከፋብሪካ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ለስላሳና የሚጣበቅ ጎማ ለብሶ ነው። ኩርባ ላይ ደስ ይላል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግን መሀሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከዚያ ሞተሩ ወደ ኩርባ ሲገባ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ቀጥሎ በድንገት ይወድቃል። የሚቆየው ዓይነት፣ ማለትም ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው፣ የኋላው ጎማ መሀሉ ጠንከር፣ ጎኑ ለስለስ ያለ ነው። ውሃ መቁረጫ መስመሩም ይበዛል። ሚሽለን ሮድ፣ ፒሬሊ ኤንጀል ጂቲ፣ ሜትዘለር ሮድቴክ፣ ደንሎፕ ሮድስማርት ሁሉም እዚህ ወገን ናቸው። በተለመደው የስፖርት ሞተር ልክ፣ ፊት 120/70 ኋላ 180/55 በ17 ኢንች፣ ይገኛሉ።

"መያዣው አይቀንስም ወይ?" የሚል ካለ፣ የውድድር ትራክ ላይ ይቀንሳል። መንገድ ላይ፣ በተለይ ጠዋት ሲበርድና ሲዘንብ፣ እንዲያውም ይበልጣል፣ ምክንያቱም የትራክ ጎማ ካልሞቀ አይሠራም፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ደግሞ ጎኑ አይሞቅም። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ መንገዳችሁና ያለው ጎማ ገና ከሆነ ተዉት። ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይሩት። እዚህ ላይ ብዙ አላወላውልም።

ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። 2323 ካለ በ2023 ዓመት 23ኛ ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። በርካሽ የተገኘ "አዲስ" ጎማ አንዳንዴ መጋዘን ውስጥ አርጅቷል።

የጎማ ነፋስ ለብዙዎቹ ፊት 36፣ ኋላ 42 ፒኤስአይ ነው፤ የእናንተ የኋላውን ጎማ በያዘው ብረት ላይ ተለጥፏል። የሚለካው ከመንዳት በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ነው።

ጎማ ለተነፈሰ ጊዜ ደግሞ የሚወጋው ገመድ መሳይ ማስቲሽ ይሻላል ወይስ የሚረጨው ፈሳሽ? ማስቲሽ። ፈሳሹ ውስጡን ያጨማልቀዋል፣ የሚጠግነው ሰው ያማርራል፣ ቀዳዳው ሰፋ ካለም አይዝም። ማስቲሹን ሰክታችሁ አየር መሙላት አለባችሁ። በጋዝ የሚሞሉት ትንንሽ ጣሳዎች ቀላል ናቸው፣ ግን ለሰፊ የኋላ ጎማ አንድ አይበቃም፣ ሦስትም ቢሆን ሙሉ አያደርሰውም። ከባትሪ የሚሠራው ትንሽ ፓምፕ ቦታ ቢይዝም እሱን ነው የምይዘው፤ የፈለጋችሁትን ያህል ይሞላል፣ ጠዋት ጠዋትም ነፋስ ያስተካክልላችኋል። በሚሠራ ጊዜ ሞተሩን አስነሱ፣ የስፖርት ሞተር ባትሪ ትንሽ ናት። የተወጋው ጎን ላይ ከሆነ ግን በማስቲሽ አይሞከርም።

መሪው ከፍ ይበል፣ ነፋስ የሚከልለው የፊት መስታወት ይርዘም፣ ወይስ መቀመጫው ይለስልስ?

ሦስቱንም አንድ ላይ የሚገዛ አለ። ገንዘብ ካለ ችግር የለውም። አንዱን ብቻ ከሆነ መሪው ነው። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ መሪ የማይመስል ለውጥ ያመጣል። ከገጠማችሁ በኋላ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩት፤ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል? አውራ ጣታችሁ ታንኩና መሪው መሀል ይቀረቀራል? ከሆነ አልገጠመም።

ረጅሙ መስታወት ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ሁሉም ሰው ይመክረዋል፤ አንገት ላይ የሚመታውን ነፋስ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ስትደርሱ ደረታችሁን የሚገፋው ነፋስ እናንተን ተሸክሟችኋል። ስፖርት ሞተር ከተማ ውስጥ ከረጅም መንገድ ይልቅ እጅ የሚያሳምመው ለዚህ ነው። ነፋሱን ሙሉ በሙሉ ብትከልሉት ክብደታችሁ ተመልሶ እጃችሁ ላይ ይመጣል። ቁመታችሁ ረዘም ካለና ነፋሱ ሄልሜታችሁን የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ግዙት። አለበለዚያ የፋብሪካውን ተዉት።

መቀመጫ ላይ ከጄሉ ይልቅ በአየር የሚሞላውን ትራስ እመርጣለሁ። ጄል ፀሐይ ላይ ከቆመ ምጣድ ይሆናል። የአየሩን ትራስ አታወጥሩት፤ ተቀምጣችሁበት ከሥር ጥቂት ብቻ የሚያነሳችሁ ያህል ይበቃል።

በነፃ የሚገኝም አለ። ታንኩን በጉልበት ጭምቅ አድርጎ ይዞ፣ ሆድን ጠበቅ አድርጎ፣ ክርንን ማላላት። እጆቻችሁን በመሪው ላይ እንደ ፒያኖ ማንቀሳቀስ ከቻላችሁ በትክክል ተቀምጣችኋል። ታንኩ ጎን ላይ የሚለጠፍ ሻካራ ላስቲክ ይሄን በጣም ያቀልለዋል፤ ከመሪውም ከመስታወቱም በርካሽ።

ልብስ

አንድ ወጥ የቆዳ ልብስ፣ በወገብ በዚፕ የሚገናኝ ሁለት ቁራጭ ቆዳ፣ ወይስ ጨርቅ? አንድ ወጡ ለትራክ ነው። ማደያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከነቦቲው ሙሉውን አውልቆ መልበስ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ሞክራችሁት ታውቁታላችሁ። ሁለት ቁራጩ ብዙ ሳይቀንስ ይሄን ይፈታል። ጨርቅ ይቀላል፣ አየር ያስገባል፣ ኪስ አለው፣ ግን ጨርቅና ጨርቅ አንድ አይደለም። የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 17092 ከላይ ሦስት ኤ፣ ቀጥሎ ሁለት ኤ፣ ከዚያ አንድ ኤ እያለ ይወርዳል፤ መለያው ውስጥ በኩል ተሰፍቷል። ሁለት ኤ ያለው ጨርቅ ለረጅም መንገድ ይበቃኛል። ቆዳ ከሆነ ደግሞ ለውድድር አጎንብሶ የተሰፋውን ሳይሆን ቆማችሁ መራመድ የምትችሉበትን።

ለዝናብ ከላይ የሚደረበውን ያዙ እንጂ ከውስጥ የሚገባውን ገበር አትመኑ። ገበሩ እናንተን ያደርቃል፣ ጃኬቱ ግን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይበርዳል፣ ጠዋትም እርጥብ ነው።

የጆሮ መድፈኛ ሳትይዙ አትውጡ። በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ድምፅ ከ90 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ማታ ጆሮ ላይ የሚቀረው ጩኸት ከዚያ ነው። ድካሙም ግማሹ ከጩኸቱ ነው ብዬ አምናለሁ። የስፖንጁ ይበቃል።

ካቴና

ስፖርት ሞተር መሀል ማቆሚያ የለውም፣ የኋላ ማንሻውን ደግሞ ይዛችሁ አትሄዱም። ስለዚህ ካቴና መቀባት መንገድ ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው፦ የሚታየውን ያህል ትቀባላችሁ፣ ሞተሩን ግማሽ ሜትር ትገፋላችሁ፣ እንደገና ትቀባላችሁ። አምስት ስድስት ጊዜ። ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ እያሽከረከሩ መቀባት ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ጣት ይወስዳል።

የሚረጨው ሰም ወይስ 80 በ90 የማርሽ ዘይት? ዘይቱ በደንብ ይገባል፣ ቆሻሻውንም ያጥባል፣ ግን ሪሙን፣ ቦርሳውንና ሱሪያችሁን ይቀባል። ሰሙ ንጹሕ ነው፣ ዝናብም ቶሎ አያጥበውም። ለጉዞ ትንሿን የሰም ጣሳ። ቀን ላይ ሳይሆን ማታ ስትደርሱ፣ ካቴናው ገና ሙቅ እያለ ቀቡት፣ ሌሊቱን ይረጋል። በየ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትሩ፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ወዲያው።

መወጠሩን ጭነቱ ኖሮ፣ እናንተም ተቀምጣችሁ ሌላ ሰው ይይላችሁ። ጠበቅ ከሚል ትንሽ ላላ ያለ ይሻላል፤ ከመጠን በላይ የተወጠረ ካቴና የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ነው የሚበላው።

ስልክ

መሪው ላይ ማሰር ወይስ ታንክ ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ድምፁን መስማት? አፕል ራሱ በ2021 ኃይለኛ የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊያበላሽ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ካሰራችሁት ንዝረት የሚቀንስ ላስቲክ ያለው ማሰሪያ ይሁን። እኔ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ እሰማለሁ፤ ዓይኔም መንገዱ ላይ ይቆያል።

በቀን ስንት?

ብዙው ስፖርት ሞተር 17 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለ100 ኪሎ ሜትር ስድስት ሊትር ቢበላ ጥርግ እስኪል 280 ነው፤ እኔ ግን 200 ላይ እቀዳለሁ። ሰውነትም እዚያው ገደማ ነው "በቃ" የሚለው፣ ስለዚህ ትንሹ ታንክ ጥፋት አይመስለኝም። አንድ ረጅም ቀን ከማቃጠል ሁለት ቀን መክፈል ይሻላል፤ በዚህ ሞተር 400 ኪሎ ሜትር ጥሩ ቀን ነው፣ 600 የሚቻል ነው፣ ከዚያ በላይ ግን በማግስቱ ነው ዋጋውን የምትከፍሉት።

ከመውጣታችሁ ሳምንት በፊት ሁሉንም ጫኑና፣ ውሃውንም ቁልፉንም ሳይቀር፣ 150 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ተመለሱ። እኔ እንዲያ አድርጌ ስመለስ ከቦርሳው ያወጣሁት ሁለተኛ ጂንስ፣ ከባድ መቆለፊያ፣ ሙሉ የመፍቻ ሣጥን ነበር። ያስገባሁት ደግሞ ሁለት የአለን ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተር፣ ጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያና አንድ ትርፍ የፍሪሲዮን እጀታ። ማሰሪያዎቹን ሁሉ ያኔውኑ እንደገና አጠበቅኳቸው፤ በ150 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለቱ ላልተው ነበር።